በወረዳ ደረጃ የሚከፈሉ የመምህራን አበሎች ማሻሻያ፦ አሠራሩና ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር በየወሩ የሚያገኘው ክፍያ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በሙያ ደረጃውና በእርከኑ የተወሰነው መደበኛ ደመወዝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በተመደበበት ቦታ ወይም በተሰጠው ኃላፊነት ምክንያት በደመወዙ ላይ የሚታከለው አበል ነው። የበረሃ አበል፣ የቤት ኪራይ አበል፣ የትራንስፖርት አበል እንዲሁም ለርእሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች የሚከፈለው የኃላፊነት አበል በዚህ ሁለተኛ ክፍል ይጠቃለላሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በተለይ ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዙትን አበሎች ሲሆን፣ አበሎቹ በሚሻሻሉበት ጊዜ ውሳኔው በማን እንደሚሰጥ፣ ወጪው ከየት እንደሚሸፈንና በመምህሩ ገቢ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ያብራራል።

አበልን ማሻሻል ሲባል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ብር ይጨመር?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ የማሻሻያውን ውጤት በአብዛኛው የሚወስኑት ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው አበሉ ለየትኛው ትምህርት ቤት በምን መስፈርት ይሰጣል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በየዓመቱ የሚከፈልበት ቋሚ የገንዘብ ምንጭ አለው ወይ የሚለው ነው። ሁለቱ ሳይመለሱ የሚታወጅ ጭማሪ በመጀመሪያው ዓመት ደስታን፣ በሁለተኛው ደግሞ ውዝፍ ክፍያንና ቅሬታን ያስከትላል።

የሥልጣን ክፍፍል

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ትምህርትን የሚመለከቱ አገር አቀፍ መመዘኛዎችንና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያዎችን የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የክልላቸውን ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ በሚመለከት ሕግ እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ለሥራ መደቦች የሚጠየቁት የትምህርት፣ የሥልጠናና የልምድ መመዘኛዎች ከአገር አቀፉ ደረጃ ጋር የተቀራረቡ እንዲሆኑ ግዴታ ይጥልባቸዋል። አንቀጽ 94 ሁለቱም የመንግሥት እርከኖች በሕግ የተሰጧቸውን ኃላፊነቶች ለመወጣት የሚያስፈልጋቸውን ወጪ በየበኩላቸው እንዲሸፍኑ ይደነግጋል።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ጀመሩ፤ የመምህራን ደመወዝም በወረዳው መደበኛ በጀት ውስጥ ገባ። ከዚህ የተነሳ አንድ ልዩ ሁኔታ ተፈጥሯል። የአበሉን ዓይነትና ጣሪያ የሚወስነው በአብዛኛው የክልሉ ደንብ ወይም መመሪያ ሲሆን፣ ገንዘቡን ከካዝናው አውጥቶ የሚከፍለው ግን ወረዳው ነው። ወሳኙና ከፋዩ የተለያዩ በመሆናቸው፣ ክልሉ የአበል ማሻሻያ ሲያጸድቅ ጥቅል በጀቱን በዚያው ልክ ካላስተካከለ ሸክሙ በሙሉ ወደ ወረዳው ይወርዳል። በተቃራኒው ወረዳው በራሱ ተነሳሽነት ከመመሪያው ውጭ አበል ቢከፍል፣ ዓላማው የቱንም ያህል በጎ ቢሆን፣ ክፍያው በኦዲት ግኝትነት ይመዘገባል። ስለሆነም ማንኛውም የማሻሻያ ጥናት በቅድሚያ ሊያረጋግጥ የሚገባው ነገር በክልሉ መመሪያ ወረዳው በራሱ ሊወስነው የሚችለው ጉዳይ የቱ እንደሆነ ነው።

አበልን ከሙያ ደረጃ ዕድገት ለይቶ ማየትም ያስፈልጋል። የመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላል ከጀማሪ መምህር ተነስቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህርና በተባባሪ መሪ መምህር በኩል ወደ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ይወጣል። ይህ መሰላል የመምህሩን አገልግሎትና የሥራ አፈጻጸም ይመለከታል፤ መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወርም ያገኘው ደረጃ አብሮት ይሄዳል። የቦታ አበል ግን የትምህርት ቤቱ እንጂ የመምህሩ አይደለም። መምህሩ ከቦታው ሲነሳ አበሉ እዚያው ይቀራል፤ ቦታውን ለሚተካው መምህርም ይከፈላል። በአንዳንድ አካባቢዎች የቦታ አበልን ለትጋት ሽልማት ወይም ደረጃው ለዘገየበት መምህር ማካካሻ አድርጎ የመመልከት ልማድ ይታያል። ይህ ልማድ አበሉን ከዓላማው ያወጣዋል፤ በኋላ ለማረምም አስቸጋሪ ነው።

መስፈርቱ

በመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ረጅም ዕድሜ ያለው የበረሃ አበል መነሻ ያደረገው የአየር ጠባይን ነው። ሞቃታማና ቆላማ በሆነ ቦታ መሥራት በጤናና በኑሮ ላይ የሚያስከትለውን ጫና ለማካካስ የተዘጋጀ ነው። ለትምህርት ዘርፍ ግን ሙቀት ብቻውን የተሟላ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ የሚርቅ ደጋማ ቀበሌ ውስጥ የሚያስተምር መምህር በሙቀት መለኪያ ምንም አበል ላይደርሰው ይችላል። በአንጻሩ አስፋልት ዳር በሚገኝ ቆላማ ከተማ የሚያስተምረው ባልደረባው ሙሉ አበል ያገኛል። የሁለቱም ቦታዎች ችግር እውነተኛ ነው። ይሁንና መምህር ተመድቦለት የማይቆይለት ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ርቀትን መስፈርት ያደረጉ አገሮች ተሞክሮ ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። ጋምቢያ እ.ኤ.አ. በ2006 ከዋና መንገድ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሚገኙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምሩ መምህራን ከመደበኛ ደመወዛቸው ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ አበል መክፈል ጀመረች። ውጤቱን የመረመሩ ተመራማሪዎች በተጠቃሚዎቹ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ብቁ የሆኑ መምህራን ድርሻ በ10 የመቶኛ ነጥብ ያህል ከፍ ማለቱን አረጋግጠዋል። ዛምቢያም በተመሳሳይ ርቀትን መነሻ ያደረገ 20 በመቶ የገጠር አበል ከፍላለች፤ በዚያ በተካሄደው ጥናት ግን በመምህራን ቁጥርም ሆነ በተማሪዎች ውጤት ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አልተገኘም። ሁለቱን አገሮች የሚለያቸው የአበሉ መጠን ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የምደባ ሥርዓታቸውም የተለያየ ነው። ቢሆንም አነስተኛ አበል ወጪውን ያስወጣል እንጂ የመምህሩን ውሳኔ ላያስለውጥ እንደሚችል ከዛምቢያ መረዳት ይቻላል።

ርቀት ሲለካም ዝርዝሩ ብዙ ነው። መነሻው አስፋልት መንገድ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ የጠጠር መንገድ ነው ወይስ የወረዳው ከተማ? ርቀቱ በካርታ ላይ ቀጥታ ይሰመራል ወይስ ሰው በሚሄድበት መንገድ ይለካል? ሸለቆ ባለበት አገር በቀጥታ መስመር 4 ኪሎ ሜትር የሆነ ርቀት በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ገና ያልጎደለ ወንዝ መኖሩም ከቁጥሩ ጋር ሊመዘገብ ይገባል። በዚህ ላይ የባንክ ቅርንጫፍ ርቀት የሚዘነጋ ነገር ግን ከመማር ማስተማሩ ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ጉዳይ ነው። ደመወዝ በባንክ በሚከፈልበት ወረዳ፣ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ያልደረሰበት ትምህርት ቤት መምህራን ደመወዝ በወጣ ቁጥር ወደ ከተማ ይጓዛሉ፤ በዚያ ቀን ምናልባትም በማግስቱ ክፍሎች ያለ መምህር ይውላሉ። የመስፈርቱ ሠንጠረዥ የባንክ፣ የጤና ጣቢያና የውኃ ርቀትን ከመንገድ ጋር ቢይዝ የቦታውን እውነተኛ ገጽታ ያሳያል።

አንድ የወሰን መስመር ብቻ ማበጀትም ችግር አለው። መስመሩ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ከተሰመረ በ2.9 ኪሎ ሜትር የሚገኘው ትምህርት ቤት ምንም አያገኝም፤ በ3.1 ኪሎ ሜትር ያለው ሙሉውን ይወስዳል። በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን ምናልባት በአንድ መንደር ይኖራሉ፣ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። ሦስት ወይም አራት ደረጃዎችን አዘጋጅቶ አበሉን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ቅሬታውን ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም በእጅጉ ይቀንሰዋል።

በመቶኛ ወይስ በቁርጥ ገንዘብ?

አበል ከደመወዝ በመቶኛ ሲታሰብ ደመወዝ በተሻሻለ ቁጥር አብሮ ያድጋል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. በተደረጉት የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያዎች ወቅት የሁለቱ ስልቶች ልዩነት ግልጽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ በቁርጥ ገንዘብ የተወሰነ አበል በራሱ ጊዜ ካልተከለሰ በዋጋ ንረት እየተሸረሸረ ይሄዳል። የመቶኛ ስሌትም የራሱ ጉድለት አለው። ለማሳያ ያህል የ20 በመቶ አበል 9,000 ብር ለሚከፈለው ጀማሪ መምህር 1,800 ብር፣ 18,000 ብር ለሚከፈለው ነባር መምህር ደግሞ 3,600 ብር ይሆናል። የሚራመዱት መንገድና የሚከራዩት ቤት ግን አንድ ነው። በተቃራኒው ለሁለቱም 2,500 ብር ቁርጥ አበል ቢከፈል ለጀማሪው የደመወዙ 28 በመቶ ያህል፣ ለነባሩ 14 በመቶ ያህል ይሆናል። ወደ ሩቅ ትምህርት ቤቶች የሚመደቡት አብዛኛውን ጊዜ አዳዲስ መምህራን በመሆናቸው ቁርጥ አበል ለእነርሱ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ወረዳው የሚፈልገው ልምድ ያካበቱ መምህራን ወደዚያ እንዲሄዱ ከሆነ ቁርጥ አበል ለነባሩ መምህር ብዙም ማባበያ አይሆንም። ዓላማው አስቀድሞ ካልተወሰነ ስሌቱ ብቻውን መልስ አይሰጥም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ምርጫ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት በመስጠትና ለጥቂቶች በቂ በመስጠት መካከል ያለው ነው። 400 መምህራን ያሉት፣ ከእነዚህም 60ዎቹ በሩቅ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩበት ወረዳ ለምሳሌነት ይወሰድ። ለ60ዎቹ በወር 2,000 ብር አበል ለመክፈል በዓመት 1,440,000 ብር ያስፈልጋል። ይኸው ገንዘብ ለ400ዎቹ እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዳቸው በወር 300 ብር ይደርሳል። 300 ብር ማንንም ከከተማ ትምህርት ቤት አያስነሳም፤ በሩቅ ትምህርት ቤት ያለውንም አያቆይም። ሆኖም በስብሰባ ላይ ድምፅ የሚበዛው እኩል ክፍፍልን ለሚደግፈው ሐሳብ ነው፤ ምክንያቱም 340ዎቹ ብዙ ናቸው፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትም ቅርብ ናቸው። በዚህ ላይ የሚሰጥ ውሳኔ የወረዳውን አማካይ የተማሪ መምህር ጥምርታ ብቻ ተመርኩዞ ሊሆን አይገባም። የመጀመሪያ ደረጃ ጥምርታ 1 ለ50 እንዲሆን ደረጃ የወጣ ቢሆንም፣ ይህን በአማካይ ያሟላ ወረዳ በከተማው 1 ለ35፣ በዳር ቀበሌው ደግሞ 1 ለ80 ሊሆን ይችላል። የትምህርት መረጃ ሥርዓቱ በየትምህርት ቤቱ የሚሰበስበው ቁጥር ለዚህ ያገለግላል፤ መምህራን በየትምህርት ቤቱ በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚቆዩ ከፋይላቸው ማውጣት ደግሞ ከጥምርታው ይልቅ ችግሩን ያጎላዋል።

የበጀት ሽፋን

ደመወዝና አበል በየዓመቱ የሚደገሙ ወጪዎች ናቸው። በመሆኑም ከአንድ ዓመት የገቢ ብልጫ፣ ከክፍት የሥራ መደቦች በተረፈ ገንዘብ ወይም ከአጋር ድርጅት በተገኘ የጊዜ ድጋፍ ላይ ተመሥርቶ አበል መጨመር አይመከርም። ክፍት መደቡ ሲሞላ ገንዘቡ ለተቀጠረው መምህር ደመወዝ ይሄዳል፤ አበሉ ግን ሰው የኑሮ ዕቅዱን የመሠረተበት በመሆኑ ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል ስለሆነ ጭማሪው ከጥቅል በጀቱ ዕድገት ከበለጠ የሚቀነሰው የሥራ ማስኬጃው ነው። ጠመኔ፣ የሱፐርቫይዘሮች የጉዞ ወጪ፣ የተሰበረ ዴስክ ጥገና በቅድሚያ ይጎዳሉ። ደመወዝ በወቅቱ ለመክፈል በተቸገሩ ወረዳዎች ደግሞ አበልን መጨመር ሳይሆን የተፈቀደውን በየወሩ በሙሉ መክፈል ቀዳሚ ሥራ ሊሆን ይገባል። በየሁለት ወሩ ተቆራርጦ የሚመጣ ትልቅ አበል በየወሩ ሳያሰልስ የሚደርስ ትንሽ አበል ያህል መምህር አያቆይም።

በሥሌቱ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚዘነጋው የወራት ጉዳይ ነው። አበሉ ትምህርት ለሚሰጥባቸው 10 ወራት ብቻ ነው ወይስ ለ12ቱም ወራት የሚከፈለው? ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ልዩነቱ 240,000 ብር ነው። የወሊድ ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድና የክረምት ሥልጠና በሚኖርበት ጊዜ አበሉ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል የሚለውም በመመሪያው በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። በዝምታ የታለፈ ነጥብ በኋላ በየጽሕፈት ቤቱ በተለያየ መንገድ ይተረጎማል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚያበቃ በመሆኑ ማሻሻያው በወረዳው ምክር ቤት ከሚጸድቀው ዓመታዊ በጀት ጋር አብሮ ሊታይ ይገባል። የመምህራን ዝውውርም በአብዛኛው በክረምት ስለሚከናወን፣ የአበሉ ምደባ ዝውውሩ ከመጀመሩ በፊት ቢታወቅ መምህራን ምርጫቸውን አውቀው ይመርጣሉ። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ የሚወጣ ማሻሻያ ቀድሞ የተደላደለውን ምደባ አይቀይርም፤ ወጪውን ብቻ ያስከትላል።

የወረዳዎች የገቢ አቅም መለያየትም ትኩረት ይሻል። የራሳቸው ገቢ የተሻለ የሆነ ከተማ አስተዳደሮች የተሻለ ጥቅማ ጥቅም ለመስጠት ሲችሉ በአጎራባች የገጠር ወረዳዎች ያሉ መምህራን ወደ እነርሱ ይፈልሳሉ። ይህ በሌሎች አገሮችም የታየ ነው። በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ግዛት መምህራን መደበኛ ደመወዛቸውን ከግዛቱ መንግሥት በአገልግሎት ዘመን በተዘጋጀ ሠንጠረዥ መሠረት ያገኛሉ፤ አካባቢያዊ ተጨማሪ ክፍያውን ግን በዋናነት ከንብረት ግብር ገቢ የሚሸፍኑት ካውንቲዎች ናቸው። በዚህም ባለጸጋ ካውንቲዎች ብዙ ሲጨምሩ ድሆቹ እጅግ ጥቂት ወይም ምንም አይጨምሩም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 እያንዳንዱ ሕፃን መሠረታዊ ትምህርት የማግኘት ዕድል እንዳለው ቢወስንም የአካባቢዎች ወጪ እኩል እንዲሆን አላስገደደም። ግዛቱ አቅማቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ካውንቲዎች ተጨማሪ ክፍያ ማገዣ የሚሆን 100 ሚሊዮን ዶላር የመደበው በ2021 ነው። በኢትዮጵያ ሁኔታ ክልሎች ጥቅል በጀት የሚያከፋፍሉበት ቀመር ይህን ልዩነት ለማጥበብ የሚያስችል መሣሪያ ነው፤ በሩቅ ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን ብዛት በቀመሩ ውስጥ ከታየ ወረዳው አበሉን ከሌላ አገልግሎት ሳይቀንስ ሊከፍል ይችላል።

ግብርና ጡረታ

መምህራን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት በእጅ የሚደርሳቸውን ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአስቸጋሪ ቦታ ለሚሠሩ ሠራተኞች የሚከፈለውንና በመጓጓዣ ምትክ የሚሰጠውን አበል በመመሪያ እስከተወሰነው መጠን ድረስ ከግብር ነፃ ያደርጋል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት ኪራይ አበል ግን ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። የግብር እርከኑ 25 በመቶ ላይ የደረሰ መምህር 2,000 ብር የቤት ኪራይ አበል ቢፈቀድለት በእጁ የሚገባው 1,500 ብር ነው። ተመሳሳይ ገንዘብ በተለያየ ስም ሲከፈል ለመምህሩ የሚደርሰው ስለሚለያይ፣ የማሻሻያ ሰነዱ አበሉን በምን ስም እንደሚጠራው ቀላል ጉዳይ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ግብርን ለመሸሽ ሲባል ለቦታው የማይገባ ስያሜ መስጠት ሕጋዊ አይሆንም።

የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ፣ በሠራተኛው 7 በመቶና በመንግሥት 11 በመቶ፣ የሚታሰበው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ነው፤ አበል አይጨመርበትም። የጡረታ አበሉም የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ሃያ ዓመት በሩቅ ትምህርት ቤት አበል እየተከፈለው ያገለገለ መምህር ጡረታ ሲወጣ ያ አበል በጡረታው ውስጥ አይታይም። ይህ ወረዳውን ከተጨማሪ የመዋጮ ወጪ ቢታደገውም፣ አበል የደመወዝ ማሻሻያ ምትክ ሊሆን የማይችልበትን ምክንያት ያሳያል።

በዓይነት የሚሰጥ ድጋፍ

ገንዘብ ብቻውን የማይፈታው ችግር አለ። በገጠር ቀበሌ የሚከራይ ቤት ከሌለ የቤት ኪራይ አበል ትርጉም አይኖረውም። በብዙ አካባቢዎች ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም አጠገብ የመምህራን መኖሪያ ቤት በጉልበቱና በቁሳቁስ ይሠራል፤ የወላጅ መምህር ኅብረትም ሥራውን ያስተባብራል። እንዲህ ያለ ቤት በተሠራበት ትምህርት ቤት የቤት ኪራይ አበሉ ይቀነሳል ወይስ ይቀጥላል የሚለው አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ቤት የሠራው ቀበሌ መምህሩን አበል ያሳጣ ሆኖ ይታያል፤ ሌላው ቀበሌም ከመሥራት ይቆጠባል። የሴት መምህራን መኖሪያ በተለይ ከደኅንነት አንጻር ሊታይ ይገባል።

ሽግግርና ቅሬታ

ምደባ ሲከለስ ወደ ላይ የሚወጡ ብቻ ሳይሆኑ ወደ ታች የሚወርዱ ትምህርት ቤቶችም ይኖራሉ። አዲስ መንገድ የደረሰው ቀበሌ ከሩቅ ምድብ ይወጣል። እዚያ ያሉ መምህራን አበሉ ሳይታሰብ በአንድ ወር ውስጥ ቢቋረጥባቸው መንገዱን እንደ ጉዳት ይቆጥሩታል። ስለዚህ አበሉ በአንድ ወይም በሁለት የትምህርት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ማድረግና ውሳኔውን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ ተገቢ ነው። ምደባውን በየሦስት ዓመቱ መከለስ በየዓመቱ ከመነካካት ይሻላል፤ በየዓመቱ የሚቀየር ዝርዝር ማንም አይተማመንበትም።

የትምህርት ቤቶች ምደባ ዝርዝር፣ የተለካው ርቀትና የተሰጠው ነጥብ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳና በየትምህርት ቤቱ ሊለጠፍ ይገባል። ምደባው ትክክል አይደለም የሚል መምህር በመጀመሪያ በርእሰ መምህሩ በኩል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመለክታል። ማመልከቻው የትኛው መለኪያ እንደተሳሳተ፣ ለምሳሌ ርቀቱ በየትኛው መንገድ እንደተለካ፣ ለይቶ ቢገልጽ ማጣራቱን ያፋጥናል። መልሱ ካላረካው ጉዳዩን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሊያቀርብ ይችላል። ያልተከፈለ ውዝፍ አበልን የሚመለከት ጥያቄ ግን የምደባ ቅሬታ ሳይሆን የክፍያ ጉዳይ በመሆኑ፣ የምደባ ደብዳቤና የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ቅጂ ተያይዞ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።